የተበላ የወፍጮ ሻፍት፦ በብየዳ ይሞላ ወይስ አዲስ ይውጣ?

ጠያቂ፦ ወፍጮ ቤት፣ ሞጣ

ሰላም ለሁላችሁ። የእህል ወፍጮአችን ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) በአንደኛው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) መቀመጫ ላይ ተበልቷል። ኩሽኔታው 6310 ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር። አዲስ ስንገጥምበት በእጅ ተገፍቶ ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ የውስጥ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ እየዞረ ይግላል፣ ይጮኻል። አንድ ባለሙያ መቀመጫውን ዙሪያውን በፑንች ወግቶ አጥብቆልን ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ላላ። አሁን አንዱ «በብየዳ እንሙላውና በቶርኖ እንቀንሰው» ይለኛል፣ ሌላው «አዲስ አውጣ» ይላል። በፑሊው (ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ) በኩል ያለው ኪዌይም፣ ማለትም ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የሚያያዘው ኪው (ቁራጭ ብረት) የሚገባበት ቦይ፣ ጠርዙ ሰፍቷል። የትኛው ይሻለኛል? አዲስ ከሆነ ምን ምን ሥራ አለው? ቶርኖ ቤቱንስ ምን ብዬ ልዘዝ? ወፍጮው ከቆመ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሩቅ ነው የሚሄደው፤ እባካችሁ።

ባለ ቶርኖ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ አዲስ አውጣ። ፑንች የሚያነሳው ጥቃቅን ጫፍ ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጠው በእነዚያ ጫፎች ላይ ብቻ ስለሆነ ጭነት ሲመጣባቸው ይተኛሉ፤ ከዚያ ያው መላላት ነው። ብየዳውም ለዚህ ቦታ አይሆንም። መቀመጫው አጠገብ ሻፍቱ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወርድበት ትከሻ አለ። ቺንጋው ሲስበው ሻፍቱ በእያንዳንዱ ዙር የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። የብየዳ ሙቀት ያንን ብረት አድርቆ ስንጥቅ ያስጀምርበታል። በብየዳ ከተሞላበት ጫፍ ላይ እንደ ሸንኮራ ተቀንጥሶ የመጣ ሻፍት ብዙ አይቻለሁ።

ብረቱ ሲ45 የሚባለው ይሁን፤ ካርቦኑ 0.45 በመቶ ገደማ ነው። ማንም «ቶንዲኖም (የግንባታ ብረት) ይሆናል» ቢልህ እሺ እንዳትል። ከትልቁ የሻፍቱ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ተርፎት ድፍኑን ግዛ።

ሜካኒክ፣ ደሴ

በባለ ቶርኖው ሐሳብ በከፊል ነው የምስማማው። ድፍን ብረት በማይገኝበት ገጠር በብየዳ ሞልቼ ወፍጮ አስነስቻለሁ፣ ሰርቷልም። ግን በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ፣ ሻፍቱን አስቀድሞ አሙቆ፣ አንዱን መስመር ከበየዱ በኋላ ቀጣዩን በትይዩው በኩል እየበየዱ፣ መጨረሻ ላይ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አድርጎ ነው። ያም ሆኖ አዲሱ እስኪደርስ ድረስ ለማቆያ ነው፤ ለዘለቄታው አዲሱ ይሻላል።

ሌላው፣ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ እንደሆነና ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ገመድ ወጥራችሁ እዩ። ይህ ካልተስተካከለ አዲሱንም ይበላዋል።

መምህርት፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

ወንድሜ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ቆመህም ተከታተል። መጀመሪያ የብረቱ ሁለት ጫፍ ተስተካክሎ በሴንተር ድሪል ይበሳል። ከዚያ ሻፍቱ በሁለቱ ሴንተሮች (ጫፎቹ ላይ በተበሱት ጉድጓዶች በሚገቡ ሹል መያዣዎች) መካከል ታስሮ ይቆረጣል። ይህን በተለይ ጠይቅ፤ በቻክ (ብረቱን ዙሪያውን በሚጨብጠው የቶርኖ መያዣ) አስሮ አንዱን ጫፍ ሠርቶ እየገለበጠ ከሠራው ሁለቱ የኩሽኔታ መቀመጫዎች በአንድ መሐል ላይ ላይዞሩ ይችላሉ። በመጀመሪያው ዙር 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፍና በመጨረሻው በቀጭኑ ይላጣል። በኤችኤስኤስ (ከልዩ ጠንካራ ብረት በተሠራ) ቢላ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ፍጥነት ለዚህ ብረት ይበቃል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ውፍረት በደቂቃ 160 ዙር ገደማ ማለት ነው። ካርባይድ (ከዚያም የጠነከረ ቢላ) ካላቸው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናሉ።

የኩሽኔታው መቀመጫ ከ50.002 እስከ 50.018 ሚሊ ሜትር መካከል ይውጣ። ይህ በካሊፐር አይለካም፤ ማይክሮሜትር የግድ ነው፣ ያውም ከ50 እስከ 75 የሚለካው። ከ25 እስከ 50 ያለው እዚህ ላይ አይደርስም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ሙቀቱን ነው። ከቢላ ሥር የወጣ ሻፍት ከአካባቢው በ30 ዲግሪ ቢሞቅ በዚህ ውፍረት 0.017 ሚሊ ሜትር ያህል ያብጣል። የተፈቀደው ልዩነት በሙሉ 0.016 ነው! ትኩስ ሆኖ «ልክ ነው» ያሉት ሲበርድ ላላ ማለት ነው። እጅ ላይ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ትከሻው ሥር ሹል ማዕዘን አይተው፤ ክብ ይሁን። ክቡ ግን ከኩሽኔታው ጠርዝ ክብነት ይነስ፤ አለዚያ ኩሽኔታው ትከሻው ላይ በደንብ አይቀመጥም።

ፑሊው የሚገባበት ከ44 በላይ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኪው 14 በ9 ነው፤ ቦዩ ሻፍቱ ላይ 5.5 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ይህ በሚሊንግ ማሽን (ቢላው ራሱ እየዞረ በሚቆርጥ) ይወጣል።

ጠያቂ፦ ወፍጮ ቤት፣ ሞጣ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህርት፣ ሁላችሁንም። አዲስ ላወጣ ነው። እዚህ ያለው ቶርኖ ቤት ግን ሚሊንግ የለውም፣ ማይክሮሜትርም አላየሁበትም። የፑሊው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ቦይም ተበልቷል፤ እሱስ?

ባለ ቶርኖ፣ አዲስ አበባ

እንግዲያው ባሕር ዳር ውሰደው፤ ሚሊንግ ያለው ቤት ፈልገህ ሁሉንም አንድ ቦታ አሠራ። አሮጌውን ሻፍት፣ ፑሊውንና አዲሱን ኩሽኔታ ከነማሸጊያው ይዘህ ሂድ። ርዝመቱንና ትከሻዎቹን ከአሮጌው ይወስዳሉ፤ የተበላውን ቦታ ግን ከእሱ እንዳይለኩ አስጠንቅቅ። ለፑሊው ቀዳዳ ስሎተር (ቢላውን ወደላይና ወደታች እያመላለሰ ቦይ የሚያወጣ ማሽን) ጥሩ ነው፤ ከሌላቸው ቶርኖው ሳይዞር ቢላውን በካሬጁ (ቢላውን ተሸክሞ በሚንሸራተተው የቶርኖ ክፍል) ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ በትንሽ በትንሹ ይፍቁታል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል። የሰፋው ቦይ ላይ ብረት ሸጉጠው ከመለሱልህ አትቀበል፤ ፑሊውን ዞር አድርገው በሌላ በኩል አዲስ ቦይ ያውጡ።

ሜካኒክ፣ ደሴ

ስትገጥም ኩሽኔታውን ዘይት ውስጥ አሙቀው፤ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ከ120 አይለፍ። የድስቱን ታች እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥለው። የሚገፋም ከሆነ በውስጥ ቀለበቱ በኩል በቧንቧ ይገፋ፤ በውጭው ቀለበት ከተመታ ኳሶቹ መሮጫቸውን ይወጉትና አዲሱ ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል።