አስቸኳይ! ቨርጂንያ ነን፤ ባለቤቴ ሜሪላንድ ሄዳ ትውለድ?

የአናንዴል ልጅ (ጁን 30, 2025)
ሰላም ወገኖች። በጣም አስቸኳይ ነው። ባለቤቴ ኦገስት ላይ ትወልዳለች። ዓርብ ዕለት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነውን ሰምታችኋል። አንዳንድ የስደተኛ ልጆች እዚህ ስለተወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆኑም የሚለውን የትራምፕን ትእዛዝ ያስቆመው እግድ ለከሰሱት ስቴቶች ብቻ ሊሆን ነው እየተባለ ነው። ሜሪላንድ ከሳሽ ናት፣ ቨርጂንያ የለችበትም። ባለቤቴ በተማሪ ቪዛ ነው ያለችው። እህቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። እዚያ ሄዳ ትውለድ? ኢንሹራንሱስ? ደግሞ የቨርጂንያው አቶርኒ ጄኔራል (የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) ለምን አልከሰሰልንም? ቢሮው ብደውል ይረዱኛል? ቶሎ መልሱልኝ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም ቤታችን።

እማማ ሽሮ
መጀመሪያ ማርያም በሽልም ታውጣት ልጄ። እኔ ብሆን ዛሬ ነገ አልልም፣ ሜሪላንድ! እህቷ ካለች ምን ቸገራችሁ፣ አራሷን የሚያርሳት ሰው አለ።

ናቲ ኡበር
ምጥ ይዟት አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ላይ ትራፊክ ከያዛችሁ ግን ጉድ ነው። ግማሹ ሜሪላንድ ግማሹ ቨርጂንያ ሊወለድ ነው ሃሃሃ

ጠበቃ ያልሆንኩ
ወንድሜ ያንተ ወረቀት ምንድነው? የእሷን ብቻ ነው የነገርከን።

ጋሽ መዝገቡ
እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የአገረ ገዥው ታዛዥ አይደለም። በ43 ስቴቶች ሕዝብ በቀጥታ ነው የሚመርጠው፣ ቨርጂንያም ሜሪላንድም እንደዚያው። ማንን ልክሰስ፣ ምኑን ልተው የሚለው በአብዛኛው የራሱ ውሳኔ ነው፤ ፓርቲውም አለበት። የሜሪላንዱ አንቶኒ ብራውን ዴሞክራት ናቸው፣ ትእዛዙ በተፈረመ ማግስት ጃንዋሪ 21 ከሌሎች ጋር ሆነው ቦስተን ላይ ከሰሱ። የቨርጂንያው ጄሰን ሚያሬስ ሪፐብሊካን ናቸው፣ አልገቡበትም። ዋሽንግተን ስቴት፣ አሪዞና፣ ኢሊኖይና ኦሪገን ደግሞ ሲያትል ከሰሱ፣ በድምሩ 22 ስቴቶች። ሲያትል ላይ ጃንዋሪ 23 ያገዱት ዳኛ ግን ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሬገን የሾማቸው ናቸው። ይህ የዴሞክራቶች ብልሃት እንዳይመስላችሁ፤ ቴክሳስ 25 ስቴቶችን አስከትላ የኦባማን የስደተኞች ፕሮግራም በ2015 ያስቆመችው በዚሁ መንገድ ነው፣ ያኔም እግዱ ለመላው አገር ነበር፣ ያኔ ያጨበጨበው ሰው ነው ዛሬ አንድ ዳኛ እንዴት አገር ያግዳል የሚለው፣ ያኔ የተቆጣውም ዛሬ ያጨበጭባል።

ቤቲ ከአትላንታ
የተማሪ ብድሬ ሊሰረዝልኝ ሲል ያስቀረብኝም የሚዙሪ አቶርኒ ጄኔራል ነው። የኔ ብድር እሱን ምን አገባው?

ጋሽ መዝገቡ
አግብቶታል እንጂ። ስቴቱ ያቋቋመው ብድር አስተዳዳሪ ድርጅት በዓመት ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ያጣል ብለው ነው በ2023 ያሸነፉት።

ናቲ ኡበር
ጋሽዬ ምጥ ሳይዛት ይጨርሱልን።

ሄኖክ ዘ495
ለምን አልከሰሰልንም የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይደለም። ሜሪላንድም ለሐበሻ እናቶች አዝና ብቻ አይደለም። ስቴት ነዋሪዎቼን ልጠብቅ በሚል ብቻ ፌደራሉን ፍርድ ቤት ማቆም አይችልም፣ ይህ ከ1923 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የራሱን ጉዳት ማሳየት አለበት። ያሳዩት ገንዘብ ነው። ልጁ ዜጋ ካልተባለ ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ከፌደራል የሚመጣው ገንዘብ ይቀራል። ሆስፒታል ውስጥ ለሕፃኑ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲወጣ ፌደራሉ ለስቴቱ የሚከፍላት ትንሽ ክፍያም ትቀራለች። ቢሮው ብትደውል በትሕትና ያናግሩህ ይሆናል እንጂ ያንተን ኬዝ አይዙም። ደንበኛቸው ስቴቱ ነው።

እማማ ሽሮ
ይኸው ስንት ወሬ አወራችሁ። ሜሪላንድ ትሂድ አልኩ።

ሄኖክ ዘ495
እማማ፣ እሱም ገና አልለየለትም። እግዱ ለሜሪላንድ ቢባል እንኳ እዚያ ለተወለደ ነው ወይስ እዚያ ለሚኖር? ቨርጂንያ ተወልዶ በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢገባስ? ስቴቶቹ የሚከራከሩት ይህንኑ ነው፦ ሕፃን ድንበር ይሻገራል፣ ስለዚህ በየስቴቱ የተከፋፈለ እግድ ጉዳታችንን አይሸፍንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ለታች ፍርድ ቤቶች ነው የመለሰው። ትእዛዙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አይጥስም የሚለውን ጭራሽ አልነካውም። ኢንሹራንሳችሁ የቨርጂንያ ሜዲኬይድ ከሆነ ደግሞ የሜሪላንዱን ሆስፒታል ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ኋላ ቢል ይመጣል።

ጠበቃ ያልሆንኩ
አሁንም እጠይቃለሁ። አባትየው ምን ወረቀት አለው??

የአናንዴል ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቢሮው ደውዬ ነበር፣ መልእክት ተው ነው የሚለው። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ሲቲዝን አይደለሁም። እሱ ምን ያገናኘዋል? የምትወልደው እሷ ናት።

ጠበቃ ያልሆንኩ
ወይ ጉድ! ዋናው እሱ ነው እኮ። ትእዛዙን ራሱን አንብበው፣ አጭር ነው። ሁለት ዓይነት ልጅ ነው የሚነካው። እናት ያለ ወረቀት ያለች፣ ወይም እንደ ባለቤትህ በሕጋዊ ግን በጊዜያዊ ቪዛ ያለች። በሁለቱም ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፦ ልጁ ሲወለድ አባቱ ሲቲዝንም ግሪን ካርድ ያለውም ካልሆነ ነው። አንተ ግሪን ካርድ ስላለህ ልጅህን አይነካውም፣ እግድ ኖረም አልኖረም። እዚያው ቨርጂንያ፣ የለመደችው ሐኪም ጋ ትውለድ። የግሪን ካርድህንና የጋብቻ ወረቀታችሁን ኮፒ ያዝ፣ በርዝ ሰርተፍኬቱ ላይ ስምህ መግባቱን አረጋግጥ። ልብህ ካላረፈ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፣ አቶርኒ ጄኔራሉን ተወው።

ናቲ ኡበር
ድልድዩ ተረፈ።

ሰላም ጂ
እኔስ? እኔም ባለቤቴም በሥራ ቪዛ ነን፣ ጆርጂያ። ኦክቶበር ላይ ነው የምወልደው። ጆርጂያም አልከሰሰችም።

ቤቲ ከአትላንታ
እህቴ አንቺስ እኛ ጋ ነሽ፣ ለገንፎው እኔ አለሁ። ሜሪላንድ ግን ሩቅ ነው።

ጠበቃ ያልሆንኩ (ጁላይ 11)
ሰላም፣ እናንተን ይነካችሁ ነበር። ትናንት ግን ኒው ሃምፕሻየር ያለ የፌደራል ዳኛ ትእዛዙ የሚነካቸውን ሕፃናት በሙሉ እንደ አንድ ከሳሽ ቡድን ተቀብሎ አግዶታል። ይህ ክስ የስቴቶቹ አይደለም፣ የወላጆች ነው፣ ስለዚህ ጆርጂያ ከሰሰች አልከሰሰች ለውጥ የለውም። ለይግባኝ ሰባት ቀን ሰጥቷቸዋል፣ ተከታተዪ። ስትወልጂ በርዝ ሰርተፍኬቱን ቶሎ አውጪ፣ የሕፃኑን ፓስፖርት ወዲያው አመልክቺ፣ የሁለታችሁንም የቪዛ ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጪ።

ጋሽ መዝገቡ (ጁላይ 26)
ትናንት የቦስተኑም ዳኛ የስቴቶቹን እግድ ለመላው አገር እንዳለ አቆይተውታል፣ ሄኖክ ያለው የድንበሩ ክርክር ሠራ ማለት ነው። በዚህ አጋጣሚ እዚህ የተወለደ የስደተኛ ልጅ ዜጋ ነው ስላለው የ1898ቱ የዎንግ ኪም አርክ ውሳኔ ትንሽ ብል

ናቲ ኡበር
ጋሽዬ!