እህቴ አይረን እየዋጠች ደሟ ለምን አይሞላም?

የሐርቡ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ታናሽ እህቴ ሐርቡ ቤተሰብ ጋ ናት፣ ከቦርከና በተጠለፈ ውሃ ሽንኩርት ማሳ ላይ በባዶ እግሯ ነው የምትውለው። ዳገት ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጥቷል፣ ጭራሽ እናቴ የግድግዳ ጭቃ ስትበላ ያዘቻት። ሄሞግሎቢኗ (የደሟ ልክ) 8 ነው፣ ደም አንሷታል ተብሎ አይረን ተሰጣት፣ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ወረደ። ሰገራ ምርመራው ምንም የለም ይላል፣ ጎረቤቱ ሁላ ግን ወስፋት ነው ባይ ነው። እውነት ትል ይሄን ያህል ደም ይጨርሳል?

ላብራቶሪ ነኝ፦
አብሽር ወንድሜ። ወስፋት ምግብ ይሻማል እንጂ ደም አይመጥም። ደም የሚመጠው መንጠቆ ትል ነው፣ ገና ያላደገው ትል (እጩ) ከርጥብ አፈር በእግር ቆዳ ገብቶ በሳንባ ዞሮ አንጀት ይደርስና ነክሶ ይይዛል። የአንዱ ዝርያ አንዷ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ነው የምትመጠው፣ ሌላው ዝርያ እስከ 0.2 ይደርሳል፣ ትንሽ ይመስላል ግን መቶ ሆነው ወራት ሲመጡ የወር አበባ ሲጨመርበት አስበው። ትሉ ሳይወጣ አይረን መስጠት በሚያፈስ እንስራ ውሃ መሙላት ነው። ጭቃ መብላቱም የአይረን እጥረት ባለበት ሰው የሚታይ ነው። ሰገራውን ከቤት ነው ያመጣችሁት?

የሐርቡ ልጅ፦
አዎ፣ ጠዋት ይዘን ኮምቦልቻ እስክንደርስ ረፋዱ አለፈ።

ላብራቶሪ ነኝ፦
ይኸዋ! ሲቆይ እንቁላሉ ሊያመልጥ ይችላል፣ እዛው ትስጥና ወዲያው ይታይ፣ አንዴ ነፃ ቢል እንኳን ይደገም። ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከፍ ካለም የትል ጥቆማ ነው።

የከሚሴ ነርስ፦
ቦርከና ካላችሁ ከወንዝ ውሃ የሚይዘው ትል፣ ቢልሃርዚያም ይታይ እንጂ፣ እሱን የመንጠቆ ትሉ መድኃኒት አልቤንዳዞል አይነካውም፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው በኪሎዋ ተሰልቶ። ሲቆይ ጣፊያ ያብጥና የደም ሴሉን እዛው ያስቀረዋል፣ ደም ካስታወከች ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል። ካገባች እርግዝና መጀመሪያ ይጣራ፣ በመጀመሪያው 3 ወር አልቤንዳዞል አይሰጥም። አይረኑን ከቡና ጋር ነው እንዴ የምትወስደው? አቦል ቶና በረካ እየተጠጣ አይረን የት ይገባል፣ ሰዓቱን አራርቁት። ሄሞግሎቢኗ ከሞላ በኋላም ወደ 3 ወር ትቀጥል።

የሐርቡ ልጅ፦
ኧረ በቡና ነው የምትውጠው! ሰኞ እወስዳታለሁ። ቦት ጫማ ልግዛልሽ ስላት ግን ጭቃው ይነቅለዋል አለችኝ፣ እሱን እንዴት ላድርግ?


ላብራቶሪ ነኝ፦
በቁጥሯ ግዛ፣ ከወንድምሽ የተረፈ ብለህ ሰፊ አትስጣት።