የጦርነት ታንክ በሙዚየም፦ ይታይ፣ ይነዳ ወይስ ይቅለጥ?

ሄኖክ፦ እስቲ ተከራከሩኝ። እንግሊዝ ውስጥ ቦቪንግተን የሚገኘው የታንክ ሙዚየም «ታይገር 131» የሚባል የጀርመን ታንክ አለው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1943 ቱኒዚያ ላይ የተማረከ ነው። ተጠግኖ ዛሬም ሞተሩ ይነሳል። በዓመት ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ይነዳል፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ያያል። እኔ ይታይ ባይ ነኝ፤ መነዳቱን ግን አልደግፍም። ሰው ለመግደል የተሠራ ነገር የእረፍት ቀን መዝናኛ ሲሆን ይከብደኛል። ደግሞ በተነዳ ቁጥር ያረጀው ብረት ይበላል፣ መለዋወጫውም ከየትም አይመጣም።

ዳዊት፦ አልስማማም ወንድሜ። ቆሞ የቀረ ታንክ ከሐውልት አይለይም። 57 ቶን ገደማ ብረት ወዳንተ ሲመጣ፣ መሬቱ እግርህ ስር ሲርድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀው የነበረ እግረኛ ወታደር ምን እንደተሰማው ያኔ ነው የሚገባህ። በጽሑፍ አይገባም። ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥም ሰው ካልሠለጠነ ደግሞ እውቀቱም አብሮ ይሞታል። ፈረንሳይ ሶሚዩር ያለው የብረት ለበስ ሙዚየምም «ኪንግ ታይገር» የሚባለውን ሌላ የጀርመን ታንክ የሚያስነሳው ለዚሁ ነው።

ሄኖክ፦ አደጋውስ? እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ አንድ የ2ኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 ቦምብ ጣይ መንገደኛ አሳፍሮ ሲበር ተከስክሶ 7 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዳላስ ላይ ሌላ ቢ-17 በአየር ትርኢት መሀል ከተዋጊ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 6 ሰው አለቀ። ጦርነቱ ካበቃ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት እነዚህ ማሽኖች አሁንም ሰው ይገድላሉ።

ሰብለ፦ ሁለታችሁም ስለ ሞተር ነው የምታወሩት። ይነዳ አይነዳ የሚለው ለኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አጠገቡ ምን ተጽፏል? የጀርመኑን ቪ-2 ሮኬት ውሰዱ። ትልልቅ ሙዚየሞች አቁመውታል፣ ረጅም ነው፣ ያምራልም፣ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ያደንቀዋል። ግን ማን ሠራው? ሚተልባው-ዶራ በሚባለው የናዚ ካምፕ የነበሩ እስረኞች ናቸው፣ ተራራ ስር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ፣ በረሃብና በዱላ። በዚያ ካምፕ ወደ 60,000 ሰው አልፏል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጋው ሞቷል። ሮኬቱ ሲወድቅ ከገደለው ይልቅ ሲሠራ ያለቀው ሰው ይበልጣል! ይህን ሳይነግሩኝ ርዝመቱንና ፍጥነቱን ብቻ ከነገሩኝ ማስታወቂያ ነው ያሳዩኝ።

እውነቱን መጻፍም ቀላል አይደለም። ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለውን አውሮፕላን «ኢኖላ ጌይ»ን ሊያሳይ ሲዘጋጅ፣ ቦምቡ ሰው ላይ ያደረሰውንም አብሮ ለማቅረብ አስቦ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና የምክር ቤት አባላት ተነሱበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ዕቅዱ ተሰረዘ፣ የሙዚየሙ ኃላፊም ሥራቸውን ለቀቁ። አውሮፕላኑ ግን ተወልውሎ ታየ። የቀረው የሰዎቹ ታሪክ ነው።

ዳዊት፦ ሰብልዬ፣ እነዚያም ወታደሮች እኮ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ብዙዎቹ ጦርነቱ በዚያ ባያበቃ ኖሮ ጃፓንን ለመውረር ተሰልፈው የሚሞቱ ነበሩ። አንድ ሙዚየም መጥቶ ወንጀለኛ ያደረጋቸው መስሎ ቢሰማቸው ይፈረድባቸዋል?

ሰብለ፦ አልፈርድባቸውም። የነሱም ይጻፍ፣ የሂሮሺማ ልጆችም ይጻፍ። አንዱን ለማክበር ሌላውን መደበቅ ለምን ያስፈልጋል?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ልጆች፣ እኔ በወጣትነቴ የታንክ ሹፌር ነበርኩ። ከውጭ የምታዩት ጉልበት ከውስጥ የለም። ሙቀቱ ያፍናል፣ በጠባብ ቀዳዳ ነው የምታየው፣ ጓደኛህ ሲጮህ እንኳ በሞተሩ ጩኸት አትሰማውም። ከተመታህ ደግሞ መውጫው አንድ ጠባብ ክዳን ነው። ይቅለጥ የሚሉትን አልደግፍም፤ ከቀለጠ ይህንን የት ሄጄ ላሳያችሁ? እኔ የምጠይቀው አንዱን ጎኑን ቆርጠው ውስጡን እንዲያሳዩ ነው። ልጆች መድፉ ላይ ወጥተው ፎቶ ከሚነሱ ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ይዩ።

ሰብለ፦ ጋሼ እንዳሉት ቢሆን ደስ ይለኛል። ድሬዝደን ያለው የጀርመን ጦር ሙዚየም ወደዚህ የቀረበ ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ሲከፈት አርክቴክቱ ዳንኤል ሊበስኪንድ የድሮውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በትልቅ የብረት ሽብልቅ ሰንጥቆት ነበር፤ ጫፉ እ.ኤ.አ. በ1945 የከተማዋ የቦምብ ድብደባ ወደጀመረበት ቦታ ያመለክታል። ጀርመኖች የሠሩትንም የደረሰባቸውንም እዚያው ታያለህ።

ዳዊት፦ ጥሩ፣ ገንዘቡስ? ሰው ትኬት የሚቆርጠው ታንኩ ሲነዳ ለማየት ነው። የቆሙትን ከዝገት የሚያድነው ያ ገቢ ነው። ትርኢቱ ከቀረ ሰብለ የምትፈልገውን ጽሑፍ የሚጽፍ ተመራማሪ በምን ይቀጠራል?

ሰብለ፦ እሺ ይነዳ። ግን ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰው የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አይንገረን። ታንኩ የት ተዋጋ፣ ውስጡ የነበሩት ምን ሆኑ፣ ፊቱ የቆሙትስ? ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይህንን ይበል፤ ከተነሳ በኋላማ ማን ይሰማዋል?