«አሊ ጨፈረ እንጂ መቼ ተማታ?»

የአራዳው ልጅ፦ ትናንት ማታ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ በቴሌቪዥን የድሮ ቦክስ እየታየ፣ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ያለ ወንድማችን ጮክ ብሎ «አሊ ጨፈረ እንጂ መቼ ተማታ? ማይክ ታይሰን ቢያገኘው ሦስት ዙር አይቆይለትም ነበር» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። መሐመድ አሊን የመሰለ ቦክሰኛ፣ 56 ጊዜ አሸንፎ 37ቱን በዝረራ የጨረሰ ሰው «መቼ ተማታ» ይባላል? ያለው ሰው ራሱን ያውቃል። ይምጣና ይከራከረኝ።

አዘዞ፦ እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ቁጥር ካነሳህ ታይሰን ካሸነፋቸው 50 ውስጥ 44ቱን የጨረሰው በዝረራ ነው። በፈረንጅ 1986 በ20 ዓመቱ ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ሲጥለው አይታችኋል? ሰውየው ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። አንዲት ቡጢ ናት ያን ሁሉ ያደረገችው። ይኸው በርቢክ ከአምስት ዓመት በፊት አሊን በነጥብ አሸንፎታል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ማራኪ፦ ዕድሜውንስ ለምን ዋጥከው? አሊ በርቢክን ሲገጥም 40 ሊሞላው ወር ከሳምንት ነበር የቀረው። እንዲህ ከሆነ ሮኪ ማርሲያኖ በ1951 የቀድሞውን ሻምፒዮን ጆ ሉዊስን በስምንተኛው ዙር ገመድ አሾልኮ ሲጥለው ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን 25 ጊዜ ያስከበረውን ሰው በዚያች ማታ ልትለካው ነው? ደግሞ «እገሌ እገሌን ካሸነፈ» የሚለው ስሌት አያዋጣህም። ፍሬዚየር በ1971 አሊን አሸነፈ። ፎርማን በ1973 ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። በዓመቱ ፎርማንን አሊ ዘረረው። በል እንግዲህ ማን ከማን እንደሚበልጥ ደርድርልኝ።

አዘዞ፦ እህቴ፣ ዕድሜውን ትቼልሻለሁ። ጭፈራውን ግን አልተውም። እጁን ከወገቡ በታች አንጠልጥሎ፣ ወደ ኋላ እየተንሳፈፈ፣ እየፎከረ። ይኼ ቡጢ ነው ጭፈራ?

ሳሙና በር፦ ልጆች፣ እኔ ልናገር። አሊ ፎርማንን የዘረረበት የኪንሻሳው ግጥሚያ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1967 ነው። ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ወሬውን በሬዲዮ ነው የሰማነው። ፎርማን የ25 ዓመት ጎረምሳ፣ 40 ተጋጥሞ 40ውንም ያሸነፈ። አሊ 32 ዓመቱ። አሊ ይሞት ይሆን ብለን ነበር የፈራንለት። ፊልሙን ኋላ ነው ያየሁት። ልጄ፣ ያን ሌሊት አሊ አልጨፈረም! ገመዱን ተደግፎ፣ ክርኑን ጎኑ ላይ፣ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ያን ሁሉ ዱላ ተቀበለ። ፎርማን ሲማታ ሲማታ ክንዱ ዛለ። በስምንተኛው ዙር አሊ ከገመዱ ወጣና በግራ አቅንቶ በቀኝ ቀጥ አድርጎ መታው። ሰውየው እየተሽከረከረ ሲወድቅ አሊ ቀኙን እንደገና ሰንዝሮ ነበር። አልጨመረውም፣ ያዘው። እኔ እስከ ዛሬ የምወድደው ለዚያች ላልተመታች ቡጢ ነው።

አዘዞ፦ ታሪኩ ያምራል፣ ግን ገመድ ላይ ተደግፎ ሌላው እስኪደክም መጠበቅ በእኛ አገር ጀግንነት አይባልም። ጀግና ፊት ለፊት ነው። አንተ ደግሞ በሬዲዮ የሰማኸውን ነው የምትነግረን።

ቀበሌ 18፦ «አንተ» ያልከው ማንን ነው? ጋሼ አባትህ የሚሆኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ አፍህን አስተካክል።

አዘዞ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በንዴት ነው። የተናገርኩትን ግን አላጥፍም።

ቀበሌ 18፦ «ፊት ለፊት» ስትል እዚህ ጎንደር ላይ ቁጭ ብለህ ነው? ካሳ ቋራ በረሃ ሸፍቶ ሳለ የበለጠውን ጦር ሁሉ ፊት ለፊት ነበር የሚገጥመው? ሲያዋጣው ይመታል፣ ሳያዋጣው ይሸሻል። ይኼን ፈሪ የሚለው ሰው አላየሁም።

አዘዞ፦ ቴዎድሮስን እዚህ አታምጣብኝ።

ቀበሌ 18፦ ጀግንነትን ያነሳኸው አንተ ነህ።

አሰልጣኝ፦ ስለ ቡጢ እናውራ እባካችሁ። እኔ ዛፍ ላይ የአሸዋ ጆንያ ሰቅዬ ልጆች አሠለጥናለሁ። የታይሰንን አቋቋም አንድ ሰሞን አሠርቻቸው ነበር። ሁለቱን ጓንት ጉንጭና ጉንጭ ላይ ለጥፎ፣ አገጭን ደብቆ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወገብን ግራ ቀኝ እየወዘወዙ መግባት። የታይሰን አሰልጣኝ ካስ ዳማቶ ያስተማረው እሱን ነው፤ ከታይሰን በፊት ፍሎይድ ፓተርሰንን በዚሁ አቋቋም አንግሦታል። ጠንካራ ነው የምለው ልጅ ሁለተኛው ዙር ላይ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታይሰን 178 ሴንቲ ነው ቁመቱ። በከባድ ሚዛን አጭር ሰው ነው። ከረጃጅሞቹ ክንድ ሥር ሾልኮ እስኪገባ ያለችው ግማሽ ሰከንድ ናት፣ እሷን ነው የሠራባት። ስለዚህ አዘዞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አሊን በጣም ያስቸገረው እንዲህ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነው። ከፍሬዚየር ጋር በሦስት ግጥሚያ 41 ዙር ተደባድበዋል፣ የፍሬዚየር ግራ ሁልጊዜ ታገኘው ነበር።

አዘዞ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ሰማችሁ?

አሰልጣኝ፦ አልጨረስኩም። ታይሰንን የጣለውስ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቶኪዮ፣ በ1990፣ ቡስተር ዳግላስ። 191 ሴንቲ። ግራ እጁን ፊቱ ላይ እየወጋ፣ ሲጠጋው እያቀፈው፣ አሥረኛው ዙር ላይ ዘረረው። አሊም ቁመቱ 191 ነው። የአሊ ግራ ደግሞ ከዳግላስ ይፈጥናል። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች የታይሰን ናቸው እላለሁ፣ በጣም አደገኛ ናቸው። ከስድስተኛው በኋላ ግን ለታይሰን አልወራረድም።

አዘዞ፦ የቶኪዮው ታይሰን ታይሰን አይደለም። ዳማቶ በ1985 ሞተበት፣ ሌላውን አሰልጣኙን ኬቪን ሩኒን በ1988 አሰናበተ። ጭንቅላቱን መወዝወዝ ትቶ ነበር። እናንተ የአሊን ዕድሜ ስትቆጥሩ እኔ ተቀብያለሁ፣ የእኔንም ተቀበሉ።

ማራኪ፦ ይቺን ተቀብያለሁ። ግን አሊም በፈረንጅ ከ1967 እስከ 1970 ቀበቶውን ተቀምቶ፣ በምርጥ ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ሳይጋጠም ተቀምጧል። ቬትናም ጦርነት አልሄድም ስላለ። እግሩ የቀረው እዚያ ነው። «ጨፈረ» የምትለውን ሰው ከ1970 በኋላ አታገኘውም።

ኮሌጅ ሰፈር፦ ሁላችሁም በድሮ ሰዎች ተጣላችሁ። ዩክሬናዊውን ቦክሰኛ ኡሲክን ማንም አያነሳም? በእኛ አቆጣጠር በ2016 ግንቦት 10 ሪያድ ላይ 206 ሴንቲ የሚረዝመውን ፉሪን አሸንፎ ቀበቶዎቹን ሁሉ ሰበሰበ። እሱ 191 ነው። ማርሲያኖ 84 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ሉዊስ 90 ገደማ። ዛሬ ቢመጡ ከባድ ሚዛን ውስጥ ማን ያስገባቸዋል? ሰው አድጓል፣ ሥልጠናው አድጓል።

ሳሙና በር፦ ልጄ፣ ኡሲክን እኔም አከብረዋለሁ። እግሩን ሳየው አሊን ያስታውሰኛል። ነገር ግን ያኔ 15 ዙር ነበር። በ1982 ኮሪያዊው ቦክሰኛ ዱክ ኩ ኪም ከማንቺኒ ጋር በተጋጠመ በቀናት ውስጥ ሞተ፣ ከዚያ ነው ወደ 12 የወረደው። ማኒላ ላይ አሊና ፍሬዚየር በዚያ ሙቀት 14 ዙር ሄደው፣ ፍሬዚየርን አሰልጣኙ ነው በቃህ ብሎ ያስቀመጠው፣ ዓይኑ አብጦ አያይም ነበር። 13ኛው፣ 14ኛው ዙር ምን እንደሆነ ያልገባበት ሰው ከገባበት ጋር እንዴት ይመዘናል?

ኮሌጅ ሰፈር፦ ጋሼ፣ እሺ፣ ግን ያ ዙር አይደል አሊን ያሳመመው? በ1984 በ42 ዓመቱ ፓርኪንሰን ተባለ። እኔ 15 ዙርን አልናፍቅም።

ሳሙና በር፦ እኔም ናፈቀኝ አላልኩም።

የአራዳው ልጅ፦ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አዘዞ፣ ያን ቃል ታነሳለህ አታነሳም?

አዘዞ፦ «መቼ ተማታ» ያልኩትን አንስቻለሁ። ጋሼ ስላሉ፣ 37 ዝረራም ዝረራ ነው። «ጨፈረ» ያልኩትን ግን አላነሳም።

የአራዳው ልጅ፦ ቤቱን ያሳቀው እኮ «ጨፈረ» የሚለው ነው!

አሰልጣኝ፦ እኔ ደግሞ ለምን እንደ ስድብ እንደምትሰሙት አልገባኝም። ጆንያው ሥር ለማስተማር ከእጅ በፊት ወራት የሚፈጅብኝ እግር ነው። እስክስታ የሚችል ልጅ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፣ ትከሻው አስቀድሞ ተፈትቷል።

አዘዞ፦ እኔ ግን ስድብ ብዬ ነው ያልኩት።

ማራኪ፦ እኛም የተጣላንህ ለዚያ ነው። ክሊቭላንድ ዊሊያምስን የገጠመባትን የ1966ቷን አይተሃታል? ሦስት ዙር ናት። አንዴ እያትና እየጨፈረ እንዴት እንደሚጥለው ንገረኝ።

አዘዞ፦ አያታለሁ። እናንተም ታይሰን ስፒንክስን የዘረረባትን እዩልኝ። 91 ሰከንድ ናት፣ ቡናችሁ ሳይቀዳ ታልቃለች።