ድራፍት ላይ 4ኛ የወጣ ልጅ ለምን ወንበር ሲያሞቅ ይከርማል?

ሰሜን_ዳር

ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ዋናው የበረዶ ሆኪ ሊግ) የምትከታተሉ አንድ ነገር አስረዱኝ። የሼን ራይትን የ2022–23 የውድድር ዘመን መለስ ብዬ ሳየው ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። በ2022 ድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ሲያትል ክራከን 4ኛ አድርጎ መረጠው፤ ውድድሩ ሲጀመርም ቡድኑ ውስጥ አስቀሩት። ከዚያ ግን አንዳንዱን ጨዋታ ጭራሽ ከአሰላለፍ ውጭ፣ ሲሰለፍም በአማካይ ከ10 ደቂቃ በታች። ዓመቱን ሙሉ በጠቅላላ 8 ጨዋታ! ካላመኑበት ለምን አስቀሩት? ካመኑበትስ ለምን አላጫወቱትም? ኤኤችኤል (ከኤንኤችኤል በታች ያለው ሊግ) ልከውት በየሳምንቱ ቢጫወት አይሻልም ነበር? ደግሞ ሰው ሁሉ «9 ጨዋታ፣ 9 ጨዋታ» የሚለው ምንድን ነው?

ሰማያዊ_መስመር

መጀመሪያ ሒሳቡን እንስራ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው፤ በረዶው ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት አጥቂ ይኖራል። 180 የአጥቂ ደቂቃ ማለት ነው። ለ12ቱ አጥቂዎች እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 15 ይደርሰዋል። ግን ማንም አሰልጣኝ እኩል አያካፍልም። የመጀመሪያው ላይን (አብረው የሚገቡት ሦስት አጥቂዎች) 18 እና 20 ደቂቃ ሲወስድ፣ ያ ትርፍ የሚቆረጠው ከአራተኛው ላይን ነው።

ቅጣቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ፓወር ፕሌይ (ተቃራኒው በቅጣት ሰው ሲጎድለው ማጥቃት) የምርጦቹ ነው። በሰው ጎድሎ መከላከል ደግሞ የልምድ ሥራ ስለሆነ ለነባሮቹ ይሰጣል። በሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ባለ 2 ደቂቃ ቅጣት ካለ እስከ 12 ደቂቃ ልጁ ከወንበሩ አይነሳም። ቡድኑ በአንድ ጎል እየመራ የመጨረሻው 10 ደቂቃ ከደረሰ፣ አሰልጣኙ ሦስት ላይን ብቻ እያፈራረቀ ይጨርሳል።

አንድ ሺፍት (ተጫዋች ገብቶ እስኪቀየር ያለው ጊዜ) 45 ሴኮንድ ገደማ ነው። 8 ደቂቃ ማለት 11 ሺፍት አካባቢ ነው፤ በመካከሉ አምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ቁጭ ማለት አለ። እግሩ ቀዝቅዞ ይገባል፣ ፓኩን (በዱላ የሚመታውን ዲስክ) ሁለት ጊዜ ነክቶ ይወጣል፣ የተሳሳታትን ግን ሁሉም ያያታል።

ስህተቷም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናት። ልጁ ፓኩን ይዞ የተቃራኒው ሰማያዊ መስመር (የማጥቂያ ክልሉ መግቢያ) ላይ ሲደርስ፣ ወደ ጥግ ወርውሮ ጓደኞቹ እንዲቀየሩ ጊዜ በመስጠት ፈንታ ሰው ለማለፍ ይሞክራል። ጁኒየር ሊግ ላይ ፊቱ የሚቆመው የ17 ዓመት ልጅ ስለሆነ ያልፋል። እዚህ የተከላካዩ ዱላ ቀድሞ እዚያው ይጠብቀዋል። በተለይ ሁለተኛው ፔሪየድ (ከሦስቱ የ20 ደቂቃ ክፍሎች ሁለተኛው) ላይ ቡድኖቹ የሚከላከሉትን ጎል ስለሚለዋወጡ የተቀያሪ ወንበሩ ከራስ ጎል ይርቃል፤ ለመቀየር የሄዱት ሳይደርሱ ሁለት አጥቂ ለአንድ ተከላካይ ይመጣባቸዋል። ራይት ደግሞ ሴንተር (የመሃል አጥቂ) ነው። ሴንተር በራሱ ሜዳ እስከ ጎሉ ጀርባ ወርዶ ተከላካዮቹን ማገዝ አለበት። ከክንፍ አጥቂነት ይልቅ ለ18 ዓመት ልጅ የሚከብደው ይኼ ቦታ ነው።

ውል_አንባቢ

«ኤኤችኤል ለምን አልላኩትም» ላልከው፦ አይችሉም ነበር። ልጁ የመጣው ከኦኤችኤል (ከካናዳ የወጣቶች ሊጎች አንዱ)፣ ከኪንግስተን ቡድን ነው። በኤንኤችኤልና በሦስቱ የካናዳ ጁኒየር ሊጎች መካከል በነበረው ስምምነት፣ ከነዚህ ሊጎች የተመረጠ ከ20 ዓመት በታች ተጫዋች ወይ ኤንኤችኤል ይቆይ ነበር ወይ ወደ ጁኒየር ይመለስ ነበር። መሃል ያለው በር ዝግ ነበር። ከአውሮፓ ሊግ ለሚመጣ ግን በ18 ዓመቱም ክፍት ነበር።

ሲያትል በመስኮት ነው የገባው። ለረጅም ጊዜ ያልተጫወተ ሰው አቋሙን እንዲያስተካክል ቢበዛ ለ14 ቀን ኤኤችኤል የሚላክበት አሠራር አለ። ራይትን በተከታታይ ከአሰላለፍ ውጭ ካደረጉት በኋላ በዚሁ ሰበብ ኤኤችኤል ላይ ወዳለው ቡድናቸው ኮቼላ ቫሊ ላኩት፤ በ5 ጨዋታ 4 ጎል አገባ። ተመልሶ በዲሴምበር 6 የመጀመሪያ የኤንኤችኤል ጎሉን አስቆጠረ፤ ያውም በሞንትሪያል ላይ፣ 1ኛ የመምረጥ ዕድል ይዞ እሱን ሳይመርጥ በተወው ቡድን ላይ። ከዚያ የካናዳ ወጣት ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ ወርቅ ወሰደ፣ ከዚያም ወደ ኦኤችኤል ተመለሰ፤ ኪንግስተንም ለዊንዘር አሳልፎ ሰጠው።

9 ጨዋታ የሚባለው የውል ነገር ነው። በ18 ዓመቱ የፈረመ ልጅ የመጀመሪያ ውሉ ሦስት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት 10 የኤንኤችኤል ጨዋታ ካልሞላ ዓመቱ አይቆጠርም፣ ውሉ ወደፊት ይገፋል። 10ኛውን ከተጫወተ አንዱ ርካሽ ዓመት ተቃጠለ። ልብ በል፣ የሚቆጠረው የተጫወተው ነው፤ ከአሰላለፍ ውጭ ሆኖ ያየው አይቆጠርም። ራይት 8 ላይ ነው የቆመው። ሌላ የ40 ጨዋታ ገደብም አለ፦ ስሙ የቡድኑ ዝርዝር ላይ ለ40 ጨዋታ ከቆየ፣ ባይሰለፍም፣ ወደ ነፃ ዝውውር የሚያቀርበው አንድ ዓመት ይያዝለታል።

ቆጣሪው

ሕጉ ልክ ነው፣ ግን ለሁሉ ነገር ሰበብ አናድርገው። ቡድኑ ማቲ ቤኒየርስ፣ አሌክስ ዌንበርግና ያኒ ጉርድ የሚባሉ ሦስት ሴንተሮች ነበሩት፤ ዓመቱንም በ100 የደረጃ ነጥብ ጨርሷል። አሰልጣኝ እያሸነፈ ለማስተማር ብሎ ማንን ያስወጣል? አሰልጣኙ ላይ አልፈርድም። ቦታ እንደሌለ እያወቀ ልጁን ያስቀረው የክለቡ አስተዳደር ነው።

ደግሞ 8 ደቂቃ የሞት ፍርድ አይደለም። ጆ ቶርንተን በ1997 1ኛ ተመርጦ ቦስተን ላይ የመጀመሪያ ዓመቱን በአማካይ 8 ደቂቃ ገደማ እየተጫወተ በ55 ጨዋታ 7 ነጥብ (ጎልና ለጎል ማቀበል ተደምሮ) ብቻ አመጣ፤ ሲያቆም 1,539 ነጥብ ነበረው። በ2020 1ኛ የተመረጠው አሌክሲ ላፍሬኒየር ኒው ዮርክ ሲገባ ግራ ክንፉ ላይ ፓናሪንና ክራይደር የሚባሉ ነባር ኮከቦች ነበሩ፤ ፓወር ፕሌይ ከየት ያምጣ? ራይትም ቢሆን በ2023–24 ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ኤኤችኤል ላይ በ59 ጨዋታ 47 ነጥብ ሠራ፣ በተከታዩ ዓመት ሲያትል ላይ በ79 ጨዋታ 44።

ራሺያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ወጣቱ ኢቫን ዴሚዶቭ በ2024–25 ኤስካ በተባለው የራሺያ ክለብ አንድ ምሽት 17 ደቂቃ፣ ሌላ ምሽት ከ10 በታች። እንዲያም ሆኖ በ65 ጨዋታ 49 ነጥብ።

ሰሜን_ዳር

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ የአንድን ወጣት ደቂቃ ስመለከት «እያደገ ነው» ወይስ «እያባከኑት ነው» የሚለውን በምን ልለይ?

ሰማያዊ_መስመር

ጠቅላላ ደቂቃውን ተወውና የሦስተኛውን ፔሪየድ ሺፍት ቁጠር። በመጀመሪያው 5፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 1 ከሆነ አሰልጣኙ አላመነውም። የቡድኑ ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ 4፣ 4፣ 4 ከሆነ ግን ደቂቃው ቢያንስም እምነት አለ።

ቀጥሎ አብረውት ያሉትን እይ። ጎል ፈጣሪ ልጅ ሥራቸው መግጨትና ማባረር ብቻ ከሆነ ሁለት ሰዎች ጋር ቢታሰር 12 ደቂቃም ብዙ አይጠቅመውም፤ ፓኩን የሚመልስለት የለም። በ2022 ሞንትሪያል 1ኛ የመረጠው ስላፍኮቭስኪ በመጀመሪያ ዓመቱ በ39 ጨዋታ 10 ነጥብ ነበረው፣ በሁለተኛው ከቡድኑ ምርጥ አጥቂዎች ከሱዙኪና ከኮፊልድ ጋር ሲያጫውቱት 50 ደረሰ።

ስህተት ከሠራ በኋላ ያለውን ሺፍትም ጠብቅ። በስህተቱ ጎል ከተቆጠረ በኋላ በተራው ከገባ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ 15 ደቂቃ ካላየኸው፣ ቀጣዩ ጨዋታ ላይ ፓኩን ገና መሃል ሜዳ ሳይደርስ ሲወረውር ታየዋለህ፤ የተመረጠበትን ነገር መሞከር አቁሟል ማለት ነው። ያኔ ጁኒየርም ቢሆን ይሂድና 22 ደቂቃ ይጫወት።