ድሮ ኦፕራሲዮን የተደረገ እግር ድንገት ሲያብጥ፦ ለደሴና ኮምቦልቻ ሰዎች ጥቆማ

ከኮምቦልቻ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ «ድሮ ኦፕራሲዮን የተደረገው የእናቴ እግር ድንገት አበጠ፣ የት ልውሰዳት?» ያልሽው አባዬን አስታወሰኝ። ከ11 ዓመት በፊት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። አንድ ሌሊት እዚያው ጠባሳው ሥር ቀልቶ አበጠ። ጋቢ እንኳ ሲነካው ስለሚያመው በርጩማ አስጠግተን ጋቢውን ከእግሩ በላይ ዘረጋንለት። ሁላችንም «ብረቱ አመርቅዟል» አልን። ሪህ (ጋውት) ነበር።

ሪህ አውራ ጣት ላይ ብቻ አይወጣም። ደም ውስጥ ሲበዛ ሪህ የሚያመጣው የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ድሮ የተጎዳ መገጣጠሚያ ላይ መከማቸት ይወዳል። ብርድም ያግዘዋል፤ የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ወጌሻ ለዚህ አይሆንም፤ እንዲህ የሚያቃጥል እግር አይታሽም። አንድ የግል ክሊኒክ ቶሎ አስተናገደን፣ ግን የመገጣጠሚያውን ፈሳሽ ሳይቀዳ አንቲባዮቲክ ጀመረለት። አምስት ቀን ባከነ። መድኃኒቱ ቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ ኢንፌክሽን ቢኖርም ካልቸሩ (ፈሳሹ ውስጥ ጀርም መኖሩን በማሳደግ የሚያየው ምርመራ) ላያሳየው ይችላል። የኔ ምርጫ ደሴ ሪፈራል፣ አጥንት ክፍል ነው። ወረፋው ያሰለቻል፤ የሐረጎን ዳገት በማለዳ ውጡ። እዚያ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀዱለት፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጫጭን፣ ሹል ክሪስታል ሞልቶታል።

የትም ሂዱ፣ ፈሳሹ ተቀድቶ ክሪስታልም ካልቸርም ይታይ በሉ። ሪህና ኢንፌክሽን አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። የደም ዩሪክ አሲድ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ልከኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ትኩሳት ካላቸው ዛሬውኑ ይዘሻቸው ሂጂ።

ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ዝም ብለሽ አትግዢላቸው፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ኮልቺሲን የተነሳውን ሕመም ያስታግሳል፣ አሎፑሪኖል ለዘለቄታው ነው። አባዬ በ100 ሚሊግራም ጀምሮ የደሙ ዩሪክ አሲድ ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እስኪወርድ ቀስ እያሉ ጨመሩለት። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን አሎፑሪኖሉን አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ። ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪ፤ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል።

ዱለትና ቢራ ይቅርባቸው። ሽሮና ምስር ግን አትከልክሏቸው፣ ሰው የሚለውን አትስሚ።

የድሮውን ራጅና የኦፕራሲዮኑን ወረቀት እንዳትረሺ። እኛ ቤት ጥለነው ሄደን አንድ ቀን ሙሉ ተቃጥሎብናል።