ዓይነ ስውር ተማሪዬ የሒሳብ ሞጁሉን እንዲያነብ ምን ላድርግ? (ጥያቄ ከድሬዳዋ)

የሳቢያኗ መምህርት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት የሶሻል ሳይንስ ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ። እይታዋ በጣም የደከመ ልጅም አለች፤ ፊት ወንበር ተቀምጣም ሰሌዳው አይታያትም።

ልጁ ላፕቶፕ አለው፣ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ይጠቀማል። ሌሎቹን ኮርሶች ከእኛ ፈጥኖ ነው የሚያነባቸው። የሒሳብ ሞጁሉን ሲከፍት ግን ማሽኑ ዝም ይላል። ሞጁሉ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። እኔ በዎርድ ያዘጋጀኋቸውን ወርክሺቶች ደግሞ ጽሑፉን ያነብና ቀመሩን ይዘለዋል። ኮርሱ ሎጂክና ስብስብ፣ ፈንክሽን፣ ማትሪክስና ትንሽ ካልኩለስ ነው። በጀት የለም፣ የብሬል ፕሪንተርም የለም። ከየት ልጀምር?

የከዚራው ቴክኒሻን

ቲቸር፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍ አትቀየሚኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ አይሆንልንም።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው። ውስጡ አንድም ፊደል ስለሌለ ኤንቪዲኤ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ተራዎቹ እንግሊዝኛውን አሳምረው ያወጡና ቀመር ላይ ይቀባጥራሉ። ማትፒክስ ቀመርም ያውቃል፣ በነጻ የሚፈቅደው ግን ትንሽ ነው። በእሱም ብታወጪው መስመር በመስመር ከዋናው ጋር አስተያዪ። አንዲት የኔጌቲቭ ምልክት ከጠፋች ልጁ መልስ የሌለው ጥያቄ ይዞ ይውላል። ሌላው ተማሪ የጓደኛውን ደብተር አይቶ ያርማል፣ እሱ ግን በምን ያያል?

እኔ ብሆን ሞጁሉን በሙሉ ለመቀየር አልነሳም። በሳምንቱ የምታስተምሪውን ብቻ ዎርድ ላይ እንደ አዲስ ጻፊው። ለቀመር አልት ይዘሽ የእኩል ይሆናል ምልክቱን ተጫኚ፤ የዎርድ የራሱ የቀመር ሳጥን ይከፈታል። በስክሪንሾት የተለጠፈ ቀመር አይሆንም። በድሮው ኢኩዌሽን ኤዲተር 3.0 የተሠራም አይሆንም፤ እሱን ማይክሮሶፍት ራሱ በፈረንጆቹ 2018 በደኅንነት ምክንያት አውጥቶታል። እኛ ጋ ግን የድሮ ወርክሺት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዞረ ዕድሜው አያልቅም።

ከዚያ ፓንዶክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አውርጂ። የዎርዱን ፋይል ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀይርልሻል። ስታዢው ቀመሮቹን በማትኤምኤል እንዲያወጣ ምረጪ። በማትኤምኤል ሲሆን የቱ ላዕል፣ የቱ ታህት፣ የቱ ፓወር እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል። ፋየርፎክስ ድሮም ያሳየው ነበር፤ ክሮምም ከ2023 ወዲህ ያሳያል።

ልጁ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ማትካትን ጫኑለት፤ ኤንቪዲኤ ቀመር እንዲያነብ የሚያደርግ ተጨማሪ ነው። ኤንቪዲኤ ውስጥ ካለው የተጨማሪዎች መደብር በነጻ ይወርዳል። ቀመር ላይ ሲደርስ የኤንቪዲኤ ቁልፉን ከአልትና ከኤም ጋር ተጭኖ ወደ ውስጥ ይገባል። በቀስቶቹ እየሄደ ላዕሉን ለብቻ፣ ታህቱን ለብቻ ይሰማል። ረጅም ቀመር አንዴ ተሰምቶ አይያዝም፤ ዋናው ይሄ መመላለሱ ነው። የሚያነብለት በእንግሊዝኛ ነው፣ ኮርሱም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አያስቸግርም።

ትሩዝ ቴብልን በስፔስ አታሰልፊ፣ የዎርድን ሰንጠረዥ አስገቢ። ርዕሶቹን በሄዲንግ ስታይል አድርጊ፤ ኤችን እየተጫነ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል።

የገንደ ቆሬ ልጅ

አቦ ለምን ታስጨንቁታላችሁ? 12ኛ ክፍል ላይ ዓይነ ስውራን ሒሳብ አይፈተኑም። እዚህም ኮርሱን ይለፉለት።

ባለ ነጭ በትሩ

ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልከው ይገባኛል። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፤ እንደዚያው "ተውለት" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቻችን ውጭ እንቀመጣለን። ከዚያ ኢኮኖሚክስ ወይም አካውንቲንግ ስንመኝ በሩ ዝግ ነው። መግባት የፈለገ ይግባ።

ቲቸር፣ ከፋይሉ በፊት ልጁን አስቀምጪና አነጋግሪው። ሒሳብ ያቆመው ስንተኛ ክፍል ላይ ነው? ክፍልፋይ ያውቃል? ኔጌቲቭ ቁጥርስ? ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነገር ካለ ማትካት የፈለገውን ያህል አጥርቶ ቢያነብለት ፈንክሽን አይገባውም። ይሄን ጉድለት የሚሞላው ቲዩቶሪያል ነው፤ አንቺ ጊዜ ከሌለሽ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊለት።

ሁለተኛው አፍሽ ነው። መምህራን ሰሌዳ ላይ "ይቺን ወደዚህ እናሻግርና ይሄን በዚህ እናጥፋው" ይላሉ። ለእኛ ምንም አልተባለም። የምትጽፊውን እየጠራሽ ጻፊ። "ኤክስ ፕላስ ዋን ኦቨር ቱ" ስትዪ ከ2 በላይ ያለው ኤክስም ነው ወይስ 1 ብቻ? የሚያይ ተማሪ ሰሌዳውን አይቶ ይለያል። "ክፍልፋይ ጀመረ፣ ኤክስ ፕላስ ዋን፣ ኦቨር ቱ፣ ክፍልፋይ አለቀ" ብትዪ ግን ያልቃል። ይሄን ዓይነት አጠራር ያበጀው አብርሃም ኔሜት ነው፤ ራሱ ዓይነ ስውርና የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበር። በስሙ የሚጠራው የሒሳብ ብሬልም የእሱ ነው፣ በፈረንጆቹ 1952 ላይ የወጣ። ልጁ ብሬል ካወቀ በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያው አጭር ሒሳብ መሥራት ይችላል፤ የኔሜትን ምልክቶች ግን አልተማረ ይሆናል፣ ጠይቂው።

ማትሪክስ ስታነቢ መጀመሪያ መጠኑን ተናገሪ፣ "2 በ3" ብለሽ፤ ከዚያ ረድፍ በረድፍ ሂጂ። ለስብስብ ምልክቶች ደግሞ ከልጁ ጋር የራሳችሁን አጠራር ብታወጡ ነውር የለውም። የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ፖንትሪያጊን በ14 ዓመቱ ነው ዓይኑ የጠፋው። መጽሐፍ የምታነብለት እናቱ ነበረች፤ ሒሳብ አታውቅም። የኢንተርሴክሽኑን ምልክት "ጭራው ወደ ታች"፣ የዩኒየኑን "ጭራው ወደ ላይ" እያለች አነበበችለት። ተግባቡ፣ አበቃ።

የጁገሏ ልጅ

ከሐረር ነኝ። ስለ ግራፍ ማንም አላነሳም። ፓራቦላ በወሬ አይገባም፣ በጣት መነካት አለበት።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዎች ንድፍ የሚያሰምሩባት ጥርስ ያላት ትንሽ ተሽከርካሪ አለች። እዚህ መኪና ግርግር መንገድ ላይ ያሉ ሰፊዎች ጋ አታጡም፣ ድሬም ሰፊ ሞልቷል። የድሮ ከመነዳሪ ቀዳችሁ አንጥፉ፣ በላዩ ማኒላ ወረቀት አድርጉ፣ መስመሩ ላይ ተሽከርካሪዋን ጫን አድርጋችሁ ንዱ። ወረቀቱ በጀርባው ያብጣል። ልብ በሉ፣ የሚዳሰሰው ጀርባው ነው! ስለዚህ ግራፉን ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ ነው የምትስሉት። ይሄን የረሳ ሰው እየጨመረ የሚሄደውን ፈንክሽን እየቀነሰ ያስዳስሳል።

አክሲሶቹን በጀርባው በኩል በኮላና በክር ለጥፉ፣ ከርቩን በነጥብ ተዉት፤ ጣት ይለያቸዋል። በአንድ ወረቀት አንድ ግራፍ ብቻ። ግሪዱን በሙሉ ካሳበጣችሁት ከርቩ ይጠፋል።

ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ዴስሞስ የሚባለው የግራፍ መሳያ ድረ ገጽ ግራፉን በድምፅ ያሰማል፤ ከርቩ ሲወጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲወርድ ይወፍራል። ደስ ይላል፣ ግን ወረቀቱን አይተካም።

የሳቢያኗ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ልጁን አነጋገርኩት። ክፍልፋይ ያውቃል፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ ግን ይደናገራል። ቲዩቶሪያሉን ከዚያ እንጀምራለን። ማትካትም ገባለት፤ ክፍልፋዩን ገብቶ ሲያዳምጥ ፊቱ በራ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እይታዋ ለደከመው ልጅ ወረቀቱን ኤ3 ላይ አባዝቼ ልስጣት? ሚድ ፈተናም ደርሷል፣ ለሱ እንዴት ላድርግ?

የከዚራው ቴክኒሻን

ኤ3 አታድርጊው። ወንበሩ አይችለውም፣ ፎቶኮፒውም ይደበዝዛል። ያንኑ ኤችቲኤምኤል ስጫት፤ ኮንትሮልና ፕላስ እየተጫነች ታሳድገዋለች። ለወረቀት ፎንቱን 18 ወይም 20 አድርጊና ራስሽ አትሚው። ፓወሮቹንና ከሥር ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ለብቻ አሳድጊ፤ ዋናው ጽሑፍ አድጎ እነሱ ትንኝ ሆነው ይቀራሉ። ሰሌዳውን በስልኳ ፎቶ እንድታነሳ ፍቀጂላት። ቀይ ማርከርም ተዪ።

ባለ ነጭ በትሩ

ለፈተናው፦ ተጨማሪ ሰዓት ውለታ እንዳይመስልሽ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ቲዩቶሪያልንም የፈተና ሰዓት ማራዘምንም ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ይፈቅዳል። ዲፓርትመንቱን ቀድመሽ በደብዳቤ አሳውቂ፤ የፈተናው ዕለት ጠዋት የተጀመረ ክርክር ልጁን ነው የሚበላው።

ጥያቄውን በፍላሽ በለመደው ፋይል ስጪው፣ ኢንተርኔቱን ዝጊ። መልሱን ኖትፓድ ላይ በአንድ መስመር፣ በቅንፍ እየለየ ይጻፍ። አንባቢና ጸሐፊ ከመደባችሁለት ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይሁን፣ ግን የክፍሉ ተማሪ አይሁን። ለእኔ አንድ ጊዜ የመደቡልኝ ሰው ሲግማን "ኢ" እያለ አንብቦልኛል። ከፈተናው በፊት አንድ ወርክሺት አብረው ይሥሩ፣ አነጋገራቸው ይገጣጠም።

የዳሰሳ ግራፍ ካለበት ከጥያቄው ቁጥር ጋር ለይተሽ አስቀምጪለት። ላፕቶፑንም ሌሊት ቻርጅ አድርጎት ይምጣ፤ መብራቱን ታውቂዋለሽ።